በሰው አገር ለክብደት መቀነሻ ኦፕራሲዮን ስትዘጋጁ

ኦፕራሲዮኑ ራሱ ቢፈጅ ጥቂት ሰዓት ነው። ተኝታችሁ ያልፋል። የሚከብደው ከዚያ በፊት ያሉት ወራትና ከዚያ በኋላ የሚመጡት ዓመታት ናቸው፤ በሰው አገር ሲሆን ደግሞ ቋንቋው፣ ወረቀቱ፣ ማን ወዴት እንደሚልካችሁ አለማወቁ ይጨመርበታል። እኔ ስሊቭ የሚባለውን፣ ጨጓራ ተቆርጦ የሚጠብበትን ኦፕራሲዮን የሆንኩት ቋንቋውን እየሰባበርኩ በምናገርበት አገር ነው። ከመጀመሪያው ቀጠሮ እስከ ኦፕራሲዮኑ ቀን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ፈጀ። ከዚህ ውስጥ አራቱ ወር የባከነው ምን መጠየቅ እንዳለብኝ ባለማወቄ ነው። እናንተ እንዳታባክኑት ብዬ ነው የምጽፈው።

ይህ ለሁለት ዓይነት ሰው ይሆናል። አንዱ ውጭ የሚኖርና በዚያው አገር የጤና ሥርዓት የሚታከም ነው። ሌላው ለኦፕራሲዮኑ ብሎ ወደ ሌላ አገር የሚበር። መንገዳቸው ይለያያል፤ ቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ ግን ለሁለቱም አንድ ነው፦ ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ ማን ይከታተለኛል? ዋጋውም፣ የሐኪሙ ዝናም፣ ቀኑም ከዚህ በኋላ ይምጣ።

መግቢያ በሩን ማግኘት

በብዙ አገር ቀዶ ሐኪሙ ጋ በቀጥታ አይገባም። መጀመሪያ የቤተሰብ ሐኪም አለ። እሱ ሪፈር ይጽፋል። ሪፈሩን የሚቀበል ሌላ ክፍል አለ፤ ያ ክፍል ደግሞ የራሱ ወረፋ አለው። እንግሊዝ አገር ለምሳሌ በመንግሥቱ የጤና አገልግሎት የምትታከሙ ከሆነ በተለምዶ መጀመሪያ የምትላኩት ወደ ክብደት መቆጣጠሪያ ክሊኒክ ነው፤ እዚያ ወራት ትከታተሉና ነው ወደ ቀዶ ጥገናው ቡድን የምትሻገሩት። አሜሪካ ላይ ቁልፉ ያለው ኢንሹራንሱ እጅ ነው። አንዳንዱ ውል ይህን ኦፕራሲዮን ጭራሽ አይሸፍንም፤ ከሚሸፍኑትም ውስጥ በሐኪም ክትትል ክብደት ለመቀነስ የሞከራችሁባቸውን ወራት በወረቀት አሳዩ የሚሉ አሉ።

ስለዚህ ገና ሳትወስኑ፣ እያሰባችሁ ብቻ ሳለ፣ የቤተሰብ ሐኪማችሁ ጋ በሄዳችሁ ቁጥር ሚዛን ላይ ውጡና "ይመዝገብልኝ" በሉ። የሞከራችሁትን አመጋገብ፣ የወሰዳችሁትን መድኃኒት፣ የቀነሳችሁትንና መልሶ የመጣውን ኪሎ ሁሉ ንገሩ፤ ፋይላችሁ ላይ ይግባ። ያልተጻፈ ነገር እንዳልተደረገ ነው የሚቆጠረው።

መሥፈርቱንም ቀድማችሁ እወቁ። ቁመታችሁን በሜትር ውሰዱና በራሱ አባዙት፤ ኪሏችሁን ለዚያ አካፍሉት። 1.65 ሜትር ሆኖ 110 ኪሎ የሚመዝን ሰው 40.4 ገደማ ይመጣለታል። ቢኤምአይ የሚሉት ይህን ነው። ከ1991 ጀምሮ ለረጅም ጊዜ የተሠራበት መለኪያ 40 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም 35 ሆኖ እንደ ስኳርና ደም ግፊት ያለ ተጓዳኝ በሽታ ያለበት የሚል ነበር። በ2022 የአሜሪካውና ዓለም አቀፉ የዘርፉ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበራት መመሪያውን ከለሱት፤ 35 የደረሰ ሰው ሌላ በሽታ ባይኖርበትም ይመከርለታል፣ ከ30 እስከ 34.9 ያለ ደግሞ እንደ ስኳር ያለ የሜታቦሊዝም ችግር ካለበት ይታሰብለታል አሉ። ግን ብዙ ኢንሹራንስና የመንግሥት ሥርዓት እስካሁን የሚሠራው በአሮጌው ነው። የምትታከሙበት ቦታ የትኛውን እንደሚከተል በግልጽ ጠይቁ፤ "አትችሉም" ከተባላችሁም በየትኛው መሥፈርት እንደሆነ በጽሑፍ ይስጧችሁ። ይግባኝ የሚባለው በዚያ ወረቀት ነው።

አሁን ያ አራት ወር የት እንደሄደ ልንገራችሁ። የቤተሰብ ሐኪሜ ሪፈር ጻፈልኝ፤ እኔም ቤቴ ተቀምጬ ጥሪ ጠበቅኩ። ወረፋ ነው ብዬ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር። በአራተኛው ወር ደፍሬ ስደውል ወረቀቱ ወደ ሌላ ክፍል ሄዶ እዚያው ቀርቷል። ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም፤ መጠየቅ ድፍረት መስሎኝ ነበር። ድፍረት አይደለም፤ እዚያ አገር የሚጠበቀው መደወል ነው። ሪፈር በተጻፈላችሁ ቀን፣ ከክፍሉ ሳትወጡ፣ ለየትኛው ክፍል እንደተላከ፣ በምን ቀን፣ የማመሳከሪያ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ጻፉ። በሁለት ሳምንት ደውሉ። "ደርሷል ወይ? ወረፋው በግምት ስንት ነው?" በቃ። በድንገት ቀጠሮ የሚሰርዝ ሰው ሲኖር መምጣት የምትችሉ ከሆነም ንገሯቸው፤ ብዙ ቦታ የዚያ ዝርዝር አለ።

ቋንቋ፣ እና ለምን ዘመድ አታስተረጉሙም

ለመጀመሪያው ረጅም ቃለ መጠይቅ የአክስቴን ልጅ ይዤ ሄድኩ። ቋንቋውን አቀላጥፋ ትናገራለች፣ ትወደኛለች፣ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? ነርሷ ብዙ ጠየቀች። ቁርስ ትበያለሽ ወይ፣ ምን ያህል ትንቀሳቀሻለሽ፣ እንቅልፍ እንዴት ነው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ማታ ማታ፣ ሰው ሳያይሽ፣ ማቆም አቅቶሽ በልተሽ ታውቂያለሽ?" አለች። የአክስቴ ልጅ ተረጎመችልኝ። ዞር ብዬ አየኋት። "አላውቅም" አልኩ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሆስፒታሉ የስልክ አስተርጓሚ አቀረበልኝ። ጠረጴዛው ላይ ስልኩ በላውድ ስፒከር ተቀምጧል፤ ከወዲያ የማላውቃት፣ ዳግም የማላገኛት ሴት ድምፅ። ነርሷ ያንኑ ጥያቄ ደገመችው። "እህቴ፣ ነርሷ የምትጠይቅሽ ማታ ስለመብላት ነው፤ ጊዜ ወስደሽ መልሺ፣ እኔ የምትይውን ብቻ ነው የምነግራት" አለችኝ። ተናገርኩ። ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሰማችኝ። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ሦስት ወር የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ እንድሄድ ያደረገችኝ ያቺ መልስ ናት፤ ያ ሦስት ወር ባይኖር ኖሮ ዛሬ የት እንደምሆን አላውቅም።

ስለዚህ አስተርጓሚ ጠይቁ። በብዙ አገር የሕዝብ ሆስፒታሎች ለታካሚው በነጻ የሚያቀርቡት ነው፤ ግን ቀጠሮው ሲያዝ መነገር አለበት፣ በዕለቱ ቢጠየቅ ላይገኝ ይችላል። ሴት ወይም ወንድ እንዲሆን መምረጥም ብዙ ጊዜ ይቻላል። ዘመድ አብሯችሁ ይምጣ፣ እጃችሁን ይያዝ፣ ማስታወሻ ይጻፍ፤ አያስተርጉም። ልጅ ደግሞ ፈጽሞ። ስለ እናቱ ሆድ፣ ስለ ጭንቀቷ፣ ስለ ሞት ስጋት አንድ ልጅ መሃል ገብቶ መተርጎም የለበትም።

ሌላው መጥፎ ልማዳችን "እሺ፣ እሺ" ነው። ሐኪም ፊት ሳይገባን ራስ እንነቀንቃለን፤ ጊዜውን ላለማባከን፣ ያልተማርን ላለመምሰል። ይህ ኦፕራሲዮን ግን በእሺ አይኬድም። ማብራሪያ ሲያልቅ "እንደገባኝ ልድገመው፣ ከተሳሳትኩ አርሙኝ" በሉና በራሳችሁ አነጋገር መልሱላቸው። ጥሩ ሐኪም ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል። እንዲስሉላችሁም ጠይቁ፤ እኔ ጨጓራዬ ምን እንደሚሆን የገባኝ ሐኪሙ ወረቀት ጀርባ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ጆንያ የመሰለ ነገር ስሎ፣ መሃሉን ሰንጥቆ፣ ትልቁን ክፍል በመስመር ሲሰርዘው ነው።

የፈቃድ ፎርሙን ቀድመው እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። በዕለቱ ጠዋት፣ የሆስፒታል ጋውን ለብሳችሁ፣ በማታነቡት ቋንቋ ስምንት ገጽ አትፈርሙ።

ስሊቭ ወይስ ባይፓስ

በዓለም ላይ በብዛት የሚሠሩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። በስሊቭ ከጨጓራው 75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣል፤ የቀረው እንደ ጠባብ ቱቦ ይሆናል። የወጣው አይመለስም። የረሃብ ስሜትን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የሚባለው ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ከዚያ ከሚቆረጠው ክፍል ስለሆነ ረሃቡም ለጊዜው ይቀንሳል። በባይፓስ ደግሞ ከላይ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ተሠርታ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ትገናኛለች፤ የቀረው ጨጓራ እዚያው ሆድ ውስጥ ይቀመጣል፣ ምግብ ግን አያልፍበትም።

ሰው የሚመርጠው ጓደኛው ያደረገውን ነው። እንዲህ አታድርጉ። ዋናው ጥያቄ ቃር አለባችሁ ወይ የሚለው ነው። ስሊቭ ቃርን ሊያብስ፣ ያልነበረበትንም ሰው ሊያስጀምረው ይችላል፤ ባይፓስ አብዛኛውን ጊዜ ያሻሽለዋል። ዓይነት ሁለት ስኳር ለረጅም ጊዜ የቆየበት ሰው ላይም ባይፓስ የተሻለ ስኳር የመቆጣጠር አቅም አለው። በሌላ በኩል ባይፓስ ላይ የቫይታሚን እጥረቱ ይጠነክራል፣ ጣፋጭ ሲበላ ልብ የሚያስመታና የሚያጥወለውል ዳምፒንግ የሚባል ነገር አለ፣ እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎችም በመገናኛው ላይ ቁስለት ስለሚያመጡ ይከለከላሉ። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልክ በእንክብል ቫይታሚን መኖር የማትችሉ ከመሰላችሁ፣ ወይም በምትኖሩበት ቦታ በየዓመቱ ደም የሚመረምርላችሁ ከሌለ፣ ይህን ለሐኪሙ ንገሩት፤ ምርጫውን የሚቀይር ነገር ነው።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት ኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ጨጓራን ማየት፣ ይደረግልኝ ወይ ብላችሁም ጠይቁ። ቁስለት፣ ሄርኒያ (ጨጓራ ወደ ደረት ሲገፋ)፣ ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ካለ ቀድሞ መታከም ይሻለዋል።

የሥነ ልቦና ቃለ መጠይቁን ሰው ይፈራዋል። እብድ ናችሁ ወይ ተብሎ የሚፈተንበት አይደለም። የሚጠየቀው ለምን አሁን፣ ከምግብ ጋር ያላችሁ ግንኙነት፣ አልኮል፣ ድብርት፣ ቤት ውስጥ ማን እንደሚደግፋችሁ ነው። አልኮሉን አትደብቁ። ከዚህ ኦፕራሲዮን በኋላ፣ በተለይ ከባይፓስ በኋላ፣ አልኮል ደም ውስጥ በጣም ፈጥኖ ይገባል፤ ከዚያ በፊት ችግር ያልነበረባቸው ሰዎችም ሱስ ውስጥ የገቡ አሉ።

ወረቀቱ

አንድ ጠንካራ ፎልደር ግዙ፤ በስልካችሁም ሁሉንም ስካን አድርጋችሁ በፒዲኤፍ ያዙ። ፓስፖርት ላይ ያለው ስማችሁና የሕክምና ወረቀቱ ላይ ያለው በፊደል አንድ ይሁን። አንድ ፊደል ሲለያይ ሁለት ፋይል ይከፈታል፤ አንዱ ፋይል ላይ የደም ምርመራችሁ አለ፣ ሌላው ላይ አለርጂያችሁ።

መድኃኒት ስትጽፉ የንግድ ስሙን ሳይሆን የንጥረ ነገሩን ስም ከነሚሊግራሙ ጻፉ። የንግድ ስም ድንበር ሲሻገር ይቀየራል። የንጥረ ነገሩ ስም ራሱ አንዳንዴ ይቀየራል፤ ፓራሲታሞል የምንለውን አሜሪካኖች አሴታሚኖፌን ይሉታል፣ ሳልቡታሞልን አልቡተሮል። አንድ ናቸው። ይህን የማያውቅ ሰው ሁለቱንም አንድ ላይ ሊውጥ ይችላል።

ቁጥሮችም እንደዚያው። ስኳር በአንዱ አገር 126 ተብሎ ይጻፋል፣ በሌላው 7.0፤ ያው ነው፣ የመጀመሪያውን ለ18 ስታካፍሉት ሁለተኛው ይመጣል። የሦስት ወሩ የስኳር ምርመራ 6.5 በመቶ የሚለውን ሌላ ቦታ 48 ብለው ይጽፉታል። ኪሎና ፓውንድ አትቀላቅሉ፤ አንድ ኪሎ 2.2 ፓውንድ ነው። ቀኑን ደግሞ ወሩን በቃል ጻፉ፤ 04/05 አንዱ አገር ኤፕሪል ነው፣ ሌላው ሜይ።

ለኦፕራሲዮኑ የምትበሩ ከሆነ

ይህን በጥሞና አንብቡ። ርካሽ ፓኬጅ ከሆቴልና ከመኪና ጋር ሲቀርብ ልብ ይማርካል። መጥፎ ነው ብዬ አልደመድምም፤ በጣም ጎበዝ ሐኪሞች ያሉበት ብዙ አገር አለ። ግን ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ መልስ ያግኙ የምላቸው ነገሮች አሉ። ማን ነው የሚቀደኝ፣ ሙሉ ስሙና የፈቃድ ቁጥሩ? ፈቃዱን በአገሩ የሐኪሞች ምዝገባ ላይ ራሳችሁ ፈልጉ። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ፊት ለፊት ወይም በቪዲዮ ያነጋግረኛል ወይስ የማገኘው ሻጩን ብቻ ነው? ሆስፒታሉ ጽኑ ሕሙማን ክፍል አለው? ስፌቱ ቢያፈስ፣ ደም ቢፈስ፣ ተመልሼ ብከፈት፣ ተጨማሪ አስር ቀን ብተኛ፣ ዋጋው ውስጥ አለበት ወይስ እዚያው ሆኜ ተጨማሪ ገንዘብ ልጠየቅ ነው?

ተራ የጉዞ ኢንሹራንስ በዚህ አይረዳችሁም። አብዛኛው በዕቅድ የሚደረግ ሕክምናንና ከዚያ የሚመጣ ችግርን በግልጽ ከሽፋኑ ያወጣዋል። ለዚሁ የተዘጋጀ ሽፋን መኖሩን ፈልጉ።

የመመለሻ ትኬት ላይ አትቸኩሉ። ስፌት ሲያፈስ ሁልጊዜ ሆስፒታል እያላችሁ አይታወቅም፤ ከወጣችሁ በኋላ ባሉት ቀናትና ሳምንታት ሊመጣ ይችላል። ረጅም በረራ ደግሞ በራሱ የደም መርጋት ስጋት አለው፤ ከሆድ ኦፕራሲዮን በኋላ ስጋቱ ይጨምራል። መቼ መብረር እንደምትችሉ ሐኪሙ ይጻፍላችሁ፤ ቀኑ ሊቀየር የሚችል ትኬት ቁረጡ፤ ደም የሚያቀጥነው መርፌ ስንት ቀን እንደሚቀጥልና ማን እንደሚወጋችሁ እወቁ። ለኦፕራሲዮኑም ብቻችሁን አትሂዱ።

ከሁሉም በላይ ከመሄዳችሁ በፊት የምትኖሩበት አገር ሐኪም ጋ ገብታችሁ "ይህን ላደርግ ነው፤ ስመለስ ደሜን ትመረምሩልኛላችሁ?" በሉ። የሚቆጣ አለ። እምቢ የሚልም አለ። እምቢታውን ከበረራ በፊት መስማት ይሻላል፤ ያኔ የሚከታተል የግል ክሊኒክ ለመፈለግ ጊዜ አላችሁ። ስትመለሱ የኦፕራሲዮኑን ዝርዝር ሪፖርት በምትኖሩበት አገር ሐኪም በሚያነበው ቋንቋ ይዛችሁ ተመለሱ። "ጨጓራዬን ተሠርቼ ነበር" ብቻ ብሎ ድንገተኛ ክፍል መግባት አደገኛ ነው።

ሰውነትን ማዘጋጀት

ሲጋራ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ቀድማችሁ አቁሙ፤ ቢቻል ለዘላለም። ቁስል አያድንም፣ ሳንባን ያዳክማል፣ ከባይፓስ በኋላ ደግሞ ቁስለት ያመጣል። አንዳንድ ቦታ በደም ወይም በሽንት ኒኮቲን ይመረምራሉ፤ ከተገኘ ቀኑ ይሰረዛል።

የምታንኮራፉ ከሆነ፣ አብሯችሁ የሚተኛ ሰው "ትንፋሽህ ይቆማል" ብሎ የሚያውቅ ከሆነ፣ ቀን ቀን እንቅልፍ የሚጥላችሁ ከሆነ፣ ይህን ለማደንዘዣ ሐኪሙ ንገሩ። የእንቅልፍ ምርመራ ያዝዝላችኋል። ሲፓፕ የሚባለው የትንፋሽ ማሽን ከተሰጣችሁ ቤት ውስጥ ተለማመዱበት፣ ሆስፒታልም ይዛችሁት ሂዱ።

መድኃኒት በራሳችሁ አታቁሙ፣ ግን አንድም ሳይቀር ተናገሩ። እንደ ኦዜምፒክ ያሉ ለስኳርና ለክብደት የሚሰጡ መርፌዎች ጨጓራ ቀስ ብሎ ባዶ እንዲሆን ስለሚያደርጉ ማደንዘዣ ሲሰጥ ምግብ ወደ ሳንባ የመግባት ስጋት አለ፤ ሐኪሙ የመጨረሻው መርፌ መቼ እንደሆነ ማወቅ አለበት። እንደ ኢምፓግሊፍሎዚንና ዳፓግሊፍሎዚን ያሉ የስኳር እንክብሎች ቢያንስ 3 ቀን ቀድመው ይቆማሉ። ደም የሚያቀጥኑ፣ ኤስትሮጅን ያለባቸው የወሊድ መቆጣጠሪያዎች፣ የባህል መድኃኒት፣ ከኢንተርኔት የተገዛ የማቅጠኛ ሻይ፣ ሁሉም ይነገር። እንዲያው "መድኃኒት አይደለም" ብላችሁ አትዝለሉት።

ሴቶች፣ ከዚህ ኦፕራሲዮን በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር እርግዝና አይመከርም። ክብደት ሲቀንስ ደግሞ ማርገዝ ይቀላል፤ አይሆንልሽም የተባለችም ልታረግዝ ትችላለች። በተለይ ከባይፓስ በኋላ የሚዋጥ መከላከያ ላይ መተማመን ስለማይቻል ሌላ ዘዴ አስቀድሞ ይታሰብ።

ከዚያ የጉበት አመጋገብ የሚሉት ይመጣል። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ለሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ በቀን ከ800 እስከ 1000 ካሎሪ ገደማ፣ ጣፋጭና ስታርች የቀነሰ። ምክንያቱን ስታውቁ ይቀልላችኋል፦ ጉበት ጨጓራው ላይ ተደርቦ ነው ያለው። ስብ ሲሞላው ይወፍራል፤ ሐኪሙ በትንንሽ ቀዳዳ ገብቶ ሲያነሳው ይከብደዋል፣ ሊደማም ይችላል። ጉበቱ በጣም ትልቅ ሆኖ ካገኘው ኦፕራሲዮኑን ሳይሠራ ሊዘጋው ይችላል። ስለዚህ "የመጨረሻዬ ነው" ብላችሁ ድግስ አትበሉ። የመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ራስ ያማል፣ ይነጫነጫሉ፣ ከዚያ ይለቃል። የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ መጠኑ በዚህ ጊዜ መስተካከል አለበት፤ ኢንሱሊን እንደበፊቱ እየወጉ 800 ካሎሪ መብላት ራስን ያስታል።

በተለምዶ ከማደንዘዣ በፊት ደረቅ ምግብ 6 ሰዓት፣ ንጹሕ ውሃ 2 ሰዓት ቀድሞ ይቆማል። ለናንተ የተለየ ሰዓት ከተሰጣችሁ የተሰጣችሁን ያዙ።

ቤቱን ማዘጋጀት

ከኦፕራሲዮኑ ሁለት ሳምንት በፊት አንድ ነገር ተለማመዱ። 30 ሚሊ ሊትር የምትይዝ የመድኃኒት ስኒ ውሃ ሙሉና አስር ደቂቃ ፈጅታችሁ ጠጧት። ስልካችሁ ላይ ሰዓት ሙሉ። እኔ ይህን ሳልለማመድ ገባሁ፤ ከነቃሁ በኋላ ነርሷ ያቺን ስኒ ስትሰጠኝ አንድ ጊዜ ጎረስኩት። ደረቴ መሃል ድንጋይ የተቀመጠ መሰለኝ፤ ግድግዳውን ይዤ ቆሜ እስኪወርድ ጠበቅኩ። ከዚያ በኋላ በቀን ወደ አንድ ሊትር ተኩል መድረስ አለባችሁ፣ በጉንጭ በጉንጭ። ስትበሉ አትጠጡም፤ ከምግብ በኋላ ግማሽ ሰዓት ትጠብቃላችሁ።

ምግቡ ከፈሳሽ ወደ ልም፣ ከዚያ ወደ ለስላሳ፣ በስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ውስጥ ወደ ተራው ምግብ ይሸጋገራል። የፕሮቲኑ ግብ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ነው። የፕሮቲን ዱቄት በብዛት አትግዙ፤ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ጣዕም ይቀየራል፣ ትናንት የወደዳችሁት ዛሬ ያቅለሸልሻችኋል። ትንንሽ ሳሼ ግዙ። የሚታኘክ ወይም የሚሟሟ ቫይታሚን አዘጋጁ፤ መልቲቫይታሚን፣ ቢ-12፣ ዲ፣ ካልሲየም፣ አይረን። ካልሲየምና አይረን አንድ ላይ አይዋጡም፤ ሁለት ሰዓት ገደማ ለያዩዋቸው።

ከሥራ ሁለት እስከ አራት ሳምንት ዕረፍት አስቡ፤ ዕቃ የሚያሸክም ሥራ ከሆነ ይበልጣል። የሕመም ፈቃድ ወረቀቱ የኦፕራሲዮኑን ዓይነት መጥቀስ አለበት ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ብዙ ቦታ "የሆድ ቀዶ ጥገና" ማለት ይበቃል፣ ለአለቃችሁ ምሥጢራችሁን መናገር ግዴታ የለባችሁም። ለዘመድ መንገር አለመንገርም የናንተ ነው። ግን አብሯችሁ የሚኖር አንድ ሰው ሁሉንም ይወቅ።

ያ ሰው በሚከተሉት ምልክቶች ላይ እንዲሰለጥን እፈልጋለሁ። ዕረፍት ላይ ሆናችሁ የልብ ምት ከ120 በላይ ሲሆን። ትኩሳት። እየባሰ የሚሄድ የሆድ ወይም የግራ ትከሻ ሕመም። ትንፋሽ ማጠር። የአንድ እግር ማበጥ። ውሃ እንኳ አልወርድ ማለት። እነዚህ "እስኪነጋ እንጠብቅ" የሚባልባቸው አይደሉም። ማስመለስ ለቀናት ከቀጠለ ደግሞ ቢ-1 የሚባለው ቫይታሚን ከሰውነት ያልቃል፤ አንጎልና ነርቭ ይጎዳል። ድንገተኛ ክፍል ስትገቡ ግሉኮስ ከመስጠታቸው በፊት ቢ-1 እንዲሰጧችሁ ሐኪሙን አስታውሱት።

ይህን ሁሉ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ቋንቋ መናገር አይቻልም። ስለዚህ አሁኑኑ፣ ሳትታመሙ፣ በምትታከሙበት አገር ቋንቋ ካርድ አሠሩ። ስም፣ የኦፕራሲዮኑ ዓይነትና ቀን፣ የቀዶ ጥገናው ቡድን ስልክ፣ አለርጂ። ባይፓስ ከሆነ "አይቡፕሮፌንና መሰሎቹን አትስጡኝ፣ በአፍንጫ ቱቦ በጭፍን አታስገቡ" የሚል መስመር ይግባበት። የሥነ ምግብ ባለሙያዬ ነች ቃላቱን ያረመችልኝ። አንዱ ቦርሳዬ ውስጥ አለ፣ አንዱ ፍሪጅ ላይ ተለጥፏል፣ አንዱ የአክስቴ ልጅ ጋ።

የደም ምርመራውን ቀጠሮ ደግሞ ከመግባታችሁ በፊት አስይዙ። በ3 ወር፣ በ6 ወር፣ በ12 ወር፣ ከዚያ በየዓመቱ። ከሦስተኛው ወር በኋላ ፀጉር ሲረግፍ ትደነግጣላችሁ፤ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል፣ ግን አይረንና ፕሮቲናችሁ ስንት እንደሆነ የሚነግራችሁ ያ ቀጠሮ ነው። ክብደት መቀነሱ ጥሩ ሲሄድና ሁሉም ሰው ሲያደንቃችሁ ነው ቀጠሮ መዝለል የሚመጣው። የኔ የመጀመሪያው የአይረን እጥረት የታየው በሁለተኛው ዓመት ነው፤ ምንም አላመመኝም ነበር፣ ደረጃ ስወጣ ትንሽ ይደክመኛል እንጂ።